ጎረቤቴ ስለ ሞርሞን እምነት ጠየቁኝ፤ ከየት ልጀምር?

ይህን ጥያቄ በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ጽፋ ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውንና ተከታታይ ምላሾቹን የያዘውን ውይይት፣ የከፈተችው በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምትኖር፣ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አባል የሆነች ወጣት ናት። የቤተ ክርስቲያኑ ፕሬዚዳንት የነበሩት ራስል ኔልሰን በ2018 እ.ኤ.አ. ሙሉ ስማችን ይጠራ ብለው ቢያሳስቡም፣ አገሬው የሚያውቃቸው ሞርሞን በሚለው ስም ስለሆነ እሷም በርዕሷ ላይ ይህንኑ ጽፋለች። የሕንፃቸው ሴቶች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሦስተኛው ፎቅ የደረጃ ማረፊያ ላይ ረከቦት ዘርግተው ቡና ይጠጣሉ። እሷ ጤና አዳም የተነከረበት የፈላ ውሃ በሲኒ ይዛ ከአቦል እስከ በረካ አብራ ትቀመጣለች እንጂ ቡናውን አትቀምስም። በቅርቡ ወደ ሕንፃው የገቡ፣ እሷ እትዬ እያለች የምትጠራቸው ሴት መጀመሪያ ጾም ይዛ መሰላቸው፤ ቀጥሎ ጨጓራ አስበው አጃ እንድትጠጣ መከሯት፤ በመጨረሻ ምክንያቷን በቀጥታ ጠየቋት። ሃይማኖቷ እንደሆነ ስትነግራቸው ጥያቄው ተከታትሎ መጣ። እትዬ የንስሐ አባት ያላቸው፣ በየወሩ በ12 የሚካኤልን ጽዋ የሚጠጡ ኦርቶዶክሳዊት ናቸው። ወጣቷ መድረኩን የጠየቀችው ከየት ልጀምር፣ ምን ያህልስ ልንገራቸው፣ እምነቴን ሳልደብቅ ጉርብትናውንም ሳላበላሽ እንዴት ልሂድ ብላ ነው።

እኔ የዚያ ቤተ ክርስቲያን አባል አይደለሁም። በቱሉ ዲምቱ የአንድ እድር ጸሐፊ ስሆን ወደ ክሩ የገባሁትም አንድ የእድራችን አባል ስድስተኛውን ምላሽ እንዳነብ ስለላከልኝ ነው። ክሩ ረጅም ነው፤ ሁሉንም ለማንበብ ትዕግሥት ለሌለው ሰው ምላሾቹን በየተራ ልተርካቸው፤ ፍርዴንም ባለመደበቅ በየመሐሉ እጨምራለሁ።

ቁጥር 1። የቤተ ክርስቲያኑ አባል የሆነ ሰው በትሕትና ሰላምታ ጀምሮ ታሪኩን ከመነሻው እንድትነግራቸው ይመክራል። በ1820 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ግዛት የ14 ዓመቱ ጆሴፍ ስሚዝ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ሁሉ የትኛው ትክክል እንደሆነ ለማወቅ ጫካ ገብቶ እንደጸለየ፣ አብና ወልድ እንደተገለጡለት፣ በኋላም ከወርቅ ሰሌዳዎች ተረጎምኩ ያለውን መጽሐፈ ሞርሞን በ1830 አሳትሞ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 6 ቀን ቤተ ክርስቲያኑን እንደመሠረተ በዝርዝር ጽፏል። ለአባላቱ ሁሉ ነገር የሚቆመው በዚህ ታሪክ ላይ ስለሆነ ምክሩ የሚጠበቅ ነው፤ እትዬ የጠየቁት ግን ስለ ቡናው ነበር።

ቁጥር 2። ይህን ክፍተት ወዲያው ያየው ሁለተኛው መላሽ ነው። የመጀመሪያውን በአክብሮት ያርምና ሰው የጠየቀውን መመለስ ይቀድማል ይላል። የጥበብ ቃል የሚባለው መመሪያ በ1833 እ.ኤ.አ. የተሰጠ መሆኑን፣ ጽሑፉ ትኩስ መጠጦች ብሎ የሚከለክለውን የቤተ ክርስቲያኑ መሪዎች ቡናና ሻይ ማለት ነው ብለው እንደሚያብራሩት፣ የአልኮል መጠጥና ትምባሆም እንደሚከለከሉ፣ ስለዚህም በእኛ አገር ጠላና ጠጅ እንደሚገቡበት ያስረዳል። ቡና በራሱ ርኩስ ነው ብላ እንዳትናገር፣ ነገሩ አባሉ ለአምላኩ የሚገባው ቃል ኪዳን እንደሆነ ብቻ እንድትገልጽ ያስጠነቅቃል። ከዚያ አንድ ጥሩ ነገር ጨምሯል፤ የእትዬ የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን አባቶችም እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ድረስ ቡናን ያርቁት እንደነበር፣ ስለዚህ ስለ ሃይማኖት ብሎ ሲኒ ማለፍ በዚህ አገር አዲስ ነገር እንዳልሆነ። መጨረሻ ላይ ገብስ ቆልቶና ፈጭቶ እንደ ቡና ማፍላት እንደሚቻል ጠቁሟል። የገብስ ቡና ቀምሻለሁ፤ ሽታው ደስ ይላል፣ ጣዕሙን ግን ማሞገስ አልችልም።

ቁጥር 3። ሦስተኛዋ መላሽ ልምድ ያላት ትመስላለች፤ እኔ ግን በክሩ ውስጥ ካሉት ምክሮች ሁሉ የከፋው የእሷ ነው እላለሁ። ልዩነቶቹን ለጊዜው ተያቸው ትላለች። መጀመሪያ ስለ ቤተሰብ ዘላለማዊነት፣ ሰኞ ማታ ቤተሰብ አብሮ ስለሚጸልይበትና ስለሚጫወትበት ልማድ፣ ስለ አባላቱ መረዳዳት ብትነግራቸው ልባቸው ይከፈታል፤ ከባድ ከባዱ ጥያቄ ከጥምቀት በኋላም ይደርሳል ባይ ናት። ቀናነቷን አልጠራጠርም። ይሁን እንጂ አንዲት የ60 ዓመት ሴት ለሚካኤል ማኅበርተኞቿ፣ ለንስሐ አባቷና ለልጆቿ መልስ የምትሰጥበትን ጉዳይ ቁርጡን ሳታውቅ እንድትገባበት ማድረግ ለእንግዳ ደግነት አይደለም። ከዚህ በኋላ የመጡት ምላሾች በአብዛኛው፣ ራሳቸው ባያውቁትም፣ ለዚህች ሴት የተሰጡ መልሶች ናቸው።

ቁጥር 4። በዲቁና ያገለገለ ኦርቶዶክሳዊ ገባ፤ የክሩ ጠባይም እዚህ ላይ ተቀየረ። ሦስተኛዋን መላሽ በግ ለመስረቅ በር ታንኳኳላችሁ ብሎ ከነቀፈ በኋላ፣ ሊደበቅ የታሰበው ይኸው ብሎ አንድ በአንድ ያወጣዋል። ኦርቶዶክሳውያን ሥላሴን በአካል ሦስት፣ በመለኮት አንድ ብለው ሲያምኑ፣ ሞርሞኖች ግን አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ ሦስት የተለያዩ ሆነው አንድነታቸው የዓላማ ነው እንደሚሉ፣ አብም የሥጋና የአጥንት አካል አለው ብለው እንደሚያስተምሩ ይጽፋል። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተነገረውን ሃይማኖት አይቀበሉም ይላል። ጸሎተ ሃይማኖታችን በአንዲት ጥምቀት እናምናለን እያለ፣ እነሱ በ80 ቀኗ የተጠመቀችውን ሴት ጥምቀትሽ አይቆጠርም ብለው እንደገና እንደሚያጠምቋት፣ እመቤታችንን እንደማይለምኑና የቅዱሳንን ምልጃ እንደማያውቁ ያክላል። ቃሉ ሻካራ ነው። ነገር ግን እውነታውን መርምሬ ስህተት አላገኘሁበትም፤ ከአባላቱም ማንም አላስተባበለውም።

ቁጥር 5። አጭር ነው። ዲያቆኑን የይሖዋ ምስክሮችንና ኦንሊ ጂሰስን ከሞርሞን ጋር እየቀላቀልክ ነው ይለዋል። አልቀላቀለም፤ አራተኛውን ምላሽ ሳያነብ የጻፈ ይመስለኛል። የጠቀመው አንድ ነገር ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ስማቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ሁለት ሁለት ሆነው የሚዞሩት ወጣቶች እነማን እንደሆኑ ማስረዳቱ ነው። ወንዶቹ ከ18 ዓመታቸው ጀምሮ ለሁለት ዓመት፣ ሴቶቹ ለ18 ወር በራሳቸውና በቤተሰባቸው ወጪ ያገለግላሉ፤ የሚላኩበትን አገርም አይመርጡም።

ቁጥር 6። እኔን ወደ ክሩ ያስገባኝ ይህ ነው። ሰበታ አካባቢ የሚኖር ሰው ስለ ሥላሴም ስለ ቡናም ምንም ሳይል አንድ ጥያቄ ብቻ ያነሳል፤ እትዬ እምነታቸውን ቢቀይሩና ቢሞቱ የት ይቀበራሉ? አጎቱ ጴንጤ ሆነው ከርመው ሲያርፉ የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን መቃብር ስለከለከላቸው፣ አስከሬኑ በድንኳን ውስጥ እያለ ወንዶቹ ቦታ ፍለጋ እስከ ማታ እንደዞሩ ይተርካል። ከእድሩ ሰዎች ግማሹ ቀብሩ ላይ አልወጣም። ይህን ያላሰበ ሰው ለሽማግሌ ሰው ስለ እምነት ለውጥ አይንገር ብሎ ይደመድማል።

ጉዳዩ የሥራዬ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው ሁሉ እድር ይላል እንጂ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱንና ገንዘቡን የሚሰጠው እድሩ ነው፤ መሬቱን የሚሰጠው ወይም የሚከለክለው ደብሩ ነው። በየኮንዶሚኒየሙ የተቋቋሙት አዳዲስ እድሮች አብዛኞቹ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ መዝገብ የሚይዙ በመሆናቸው፣ ወርኃዊ መዋጮውን የከፈለ አባል እምነቱ ቢለወጥም መብቱ አይነካም። በአንድ አጥቢያ ሥር የተቋቋመ የቆየ እድር ግን መተዳደሪያ ደንቡ ሊለይ ስለሚችል አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል። በመቃብር ቦታው ላይ እድር ሥልጣን የለውም። ጸሎተ ፍትሐትም በእምነቱ ጸንቶ ላረፈ ሰው የሚደረግ ስለሆነ ካህናቱ ለወጣ ሰው አይደርሱለትም። ይህን እትዬ ያለጥርጥር ያውቁታል፤ ወጣቷ ግን በመነሻ ጽሑፏ አንድም ቦታ ላይ አላነሳችውም።

ቁጥር 7። ከኦርቶዶክስ ወጥታ ወደዚያው ቤተ ክርስቲያን የገባች፣ ለገጣፎ የምትኖር ሴት ለስድስተኛው ትመልሳለች። ሐቁን አልካደችም። እናቷ ሲሞቱ እሷም ሆነች እናቷ ያልጠበቁት ነገር ደርሶባታል፤ እናቷ ኦርቶዶክስ ሆነው ስላረፉ በደብራቸው ቢቀበሩም፣ አርባቸው ሲወጣ ተዝካሩን ደግሳ፣ እህል ፈጭታ፣ እንጀራውን ጋግራ፣ ጠላውን ግን ራሷ ስለማትጠምቅ ለአክስቷ ከፍላ አስጠምቃ አቅርባለች። ዘመዶቿ የታዘቧት ጠላውን ባለመጥመቋ ነው እንጂ ሃይማኖቷን በመቀየሯ አልነበረም ትላለች። ቀጥላም እምነቷ ለሙታን ግድ እንደሌለው ተደርጎ መነገሩን ትቃወማለች፤ በቤተ መቅደሶቻቸው ሕያዋን በሟች ዘመዶቻቸው ስም እንደሚጠመቁ፣ ለዚህም 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥29ን እንደሚጠቅሱ፣ ሟቹም ይህን የመቀበልም ያለመቀበልም ነፃነት አለው ብለው እንደሚያምኑ ታስረዳለች። የዘር ሐረግ ቆጠራ ላይ የሚተጉትም ለዚሁ ነው። ጋብቻ እንዳይዛመድ እስከ ሰባት ቤት ስሙን እየቆጠረ ላደገ ሰው፣ የአያት ቅድመ አያት ስም ዝርዝር ይዞ ወደ ቤተ መቅደስ መሄድ እንግዳ አይሆንበትም ባይ ናት። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ቤተ መቅደሱ ሩቅ ነበር፤ አሁን የናይሮቢው በ2025 እ.ኤ.አ. ስለተመረቀ ቢያንስ ጎረቤት አገር ሆኗል። ይህ ምላሽ በክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ለእትዬ የሚቀርበው ይመስለኛል፤ ዲያቆኑ እንኳ ለዚህኛው አልመለሰም።

ቁጥር 8። ነገሩ እየረገበ ሳለ አንድ ሰው በቁጣ ይገባል። ጥቁር ሰው እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ክህነት ይከለከልበት የነበረ ቤት ምን ይዞ ነው ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣው ይላል። ከዚያም ብዙ ሚስት ስለማግባታቸው፣ ስለ አሜሪካ ፖለቲካ፣ ስለ ብዙ ነገር በአንድ እስትንፋስ ጽፏል። ሁለተኛውን ነገር የሚመለከት መልስ አጭር ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ብዙ ማግባትን ያቆመው በ1890 ሲሆን፣ እስከ ዛሬ የሚያገቡት ከእሱ ተገንጥለው የወጡ ቡድኖች ናቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ ግን እንዲህ በአጭሩ አይታለፍም።

ቁጥር 9። የሚመልሰው ራሱን ጋሼ እያሉ እንዲጠሩት የለመደ ከሚመስል ዕድሜ ያለ አባል ነው፤ ስምንተኛውን አንተ ልጄ ብሎ ይጀምራል። እገዳው ነበር፣ በደልም ነበር ይላል ሳይሸሽ። በ1836 ኢላይጃ ኤብል የሚባል ጥቁር ሰው ክህነት ተቀብሎ እንደነበር፣ እገዳው ከዚያ በኋላ በብሪገም ያንግ ዘመን እንደመጣ፣ በሰኔ 1978 በፕሬዚዳንት ስፔንሰር ኪምቦል ጊዜ እንደተነሳ፣ ቤተ ክርስቲያኑም በ2013 ባወጣው ጽሑፍ ለእገዳው ይሰጡ የነበሩትን የዘር ምክንያቶች እንደማይቀበላቸው መግለጹን ያስታውሳል። እሱ ራሱ ይህን ሲሰማ ሊወጣ አስቦ እንደነበር፣ የቆየውም ከመጽሐፉ ባገኘው ነገር ምክንያት እንደሆነ ይናገራል። ለእትዬ ይህን ማን ይንገራቸው ቢባል ወጣቷ ራሷ ትንገራቸው፣ ከሌላ ሰው አፍ የሰሙ ዕለት ሌላውንም ሁሉ መጠራጠር ይጀምራሉና ይላል። እኔም ሦስተኛዋን መላሽ የነቀፍኩት በዚህ ምክንያት ነው። ስምንተኛው ተመልሶ መልሱ አላረካኝም ብሏል፤ ላያረካው ይችላል፣ መብቱ ነው።

ቁጥር 10። ነፍስ በዱቄትና በዘይት ይገዛሉ የሚል፣ በእኛ አገር ከውጭ በመጣ እምነት ሁሉ ላይ የሚሰነዘር የቆየ ክስ ነው። ማስረጃ የለውም፣ ብዙም አልቆይበትም።

ቁጥር 11። ለዚህ የተሰጠው መልስ ግን ሊነበብ ይገባዋል። መላሹ በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ወሎ የነበረ ነው። በጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም. በአሜሪካና በካናዳ ያሉ የቤተ ክርስቲያኑ አባላት ሁለት ጊዜ ሊበሉ የነበረውን ምግብ ጾመው ዋጋውን ለኢትዮጵያ ረሀብተኞች እንዳዋጡ፣ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደተሰበሰበና በሌሎች የእርዳታ ድርጅቶች በኩል እንደተላከ ይጽፋል። ሚሲዮናውያኑ ወደዚህ አገር የገቡት ከዚያ በኋላ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። እህሉን የበላው ሰው ከየት እንደመጣ እንኳ አላወቀም፤ ታዲያ የተገዛው ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ደግሞም አባል የሆነ ሰው ገንዘብ አይቀበልም፣ ከገቢው አሥራት ይሰጣል እንጂ ይላል፤ የአጥቢያ መሪዎቻቸው ደመወዝ የሌላቸው፣ የየራሳቸው ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ዲያቆኑ እዚህ ላይ ተመልሶ በጾሙ ላይ ይቀልዳል፤ በወር አንድ ቀን የሚጾም ሰው በዐቢይ ጾም 55 ቀን ለሚጾም ሰው ስለ ጾም እንዳያስተምር። ሞርሞኖቹ የሚጾሙት በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሲሆን፣ ያን ቀን ግን እህልም ውሃም አይቀምሱም። ቀልዱን እሱው ይብቃ ብሎ ስለተወው እኔም እተወዋለሁ።

ቁጥር 12 እና 13። ክሩ ወደ ሌላ ሄደ። አንዱ በመጽሐፍ ላይ መጨመርን ዮሐንስ በራእዩ መጨረሻ ላይ ከልክሏል፣ ስለዚህ መጽሐፈ ሞርሞን ከመነሻው ውድቅ ነው ሲል፣ ሌላው ሙሴም በዘዳግም ምዕራፍ 4 ያንኑ ብሎ ሳለ ከእሱ በኋላ ነቢያት ጻፉ፤ ደግሞ 66 መጻሕፍት ያለው ሰው እኛን 81 የምንቀበለውን ጨመራችሁ ቢለን ምን እንመልሳለን ብሎ ይሞግተዋል። ከዚህ ወደ መጽሐፈ ሄኖክ ተሻገሩ። ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ እንደኖረ፣ ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን በ1773 አውሮፓ እንዳደረሳቸው፣ የእንግሊዝኛው ትርጉም በ1821 እንደወጣ ሁለቱም ይስማማሉ። ጆሴፍ ስሚዝም በ1830 ስለ ሄኖክ ረጅም ራእይ ጽፏል። አሥራ ሁለተኛው ከእኛው ነው የቀዳው ይላል፤ አሥራ ሦስተኛው ያን መጽሐፍ አይቶት እንደነበር የሚያረጋግጥ የለም ይላል። ሁለቱም አስተዋዮች ናቸው፤ እትዬን ግን ፈጽሞ ረስተዋቸዋል።

ቁጥር 14። ወጣቷ ተመለሰች። ስድስተኛውን፣ ሰባተኛዋንና ዘጠነኛውን አመስግና፣ በቀጣዩ ቅዳሜ ቡናው ሲያልቅ እትዬ ብቻቸውን ሲቀሩ ሁሉንም እንደነገረቻቸው ጻፈች፤ ዳግም ጥምቀቱን፣ የሥላሴውን ልዩነት፣ የ1978ቱን ነገር፣ የመቃብሩንም ጉዳይ። እትዬ ብዙውን በጸጥታ ሰምተው፣ በመቃብሩ ላይ እኔ ልጅ አይደለሁም ይህን አውቃለሁ ብለዋታል። በ1978ቱ ግን ተቆጥተዋል። ማተቤን ትበጥሱኛላችሁ ወይ ብለውም ጠይቀዋታል፤ እሷም በጸሎት ቤታቸው መስቀል እንደማይሰቀል፣ ሆኖም አንገት ላይ ያለ ክር እንዲበጠስ የሚያዝ ሕግ እንደሌለ ነግራቸዋለች። እምነታቸውን የመለወጥ ሐሳብ የላቸውም። መጽሐፉን በአማርኛ ወስደዋል፤ አንድ እሑድ መጥተው ማየትም ይፈልጋሉ። አዲስ ጥያቄዋ ሳይጠመቁ መግባት እንደሚቻል ሌሎች አባላት ለእንግዶቻቸው እንዴት እንዳስረዱ፣ እንዲሁም ነጠላ ስለመልበስና ጫማ ስለማውለቅ ነው።

ዲያቆኑ ለዚህ የመለሰው በሁለት መስመር ነው፤ ከመሄዳቸው በፊት ለንስሐ አባታቸው ይንገሩ አለ። ከክሩ ሁሉ የረጋው ንግግሩ ይህ ነበር፤ ወጣቷም ትክክል ነህ አለችው።

ቁጥር 15። የለገጣፎዋ ሴት የመጨረሻውን ጻፈች። ማንም ሰው ሊገባ ይችላል፤ ጫማ አይወልቅም፤ ወንድና ሴት ተለይቶ አይቀመጥም፤ ነጠላ መልበስ የፈለገ ይለብሳል፣ እሷም እስከ ዛሬ ለብሳ ትሄዳለች። በመጀመሪያው ሰዓት ቁራሽ ዳቦና ትንሽ ውሃ በሰሃን ሲዞር እትዬ ካልፈለጉ ለቀጣዩ ሰው ማሳለፍ ይችላሉ፤ ማንም ቀና ብሎ አያያቸውም። ፕሮግራሙ በጠቅላላው ሁለት ሰዓት ነው። ከኮዬ ሲነሱ እሑድ ጠዋት ሃይገር እስኪሞላ ስለሚያስጠብቅ በጊዜ ይውጡ፤ ከቃሊቲ በኋላ ሌላ ታክሲ መያዝ ያስፈልጋል፤ ለእትዬ ጉልበት ደግሞ ከፊት ወንበር ቢያስይዟቸው ጥሩ ነው።